መስኮቱን የሚፈጥረው ማን ነው? ቴስት የሚደረግ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለመሥራት ፍሬምወርክ ስለመምረጥ

ለንግድ ቤት፣ ለመድኃኒት ቤት ወይም ለመጋዘን ፕሮግራም የሚሠራ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ባለሙያ ዛሬም ከዴስክቶፕ ፕሮግራም አልራቀም። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሽያጩ እንዲቆምበት የሚፈልግ ነጋዴ የለም። ሚዛኑ፣ ማተሚያውና የባርኮድ ማንበቢያውም ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር በገመድ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጥያቄ የትኛው የዴስክቶፕ ፍሬምወርክ (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዝግጁ መዋቅር) ይሻላል የሚለው ነው።

ፍሬምወርኮች ሲነጻጸሩ ቀድመው የሚነሡት መልካቸው፣ ፍጥነታቸውና የሚጻፉበት ቋንቋ ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ የማስቀድመው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፕሮግራሙ ሲከፈት መስኮቱን የሚፈጥረው ማን ነው? ፍሬምወርኩ ራሱ ባዶ ኮንስትራክተር (ከውጭ ምንም የማይቀበል የመፍጠሪያ ኮድ) ጠርቶ የሚፈጥረው ከሆነ፣ መስኮቱ የሚያስፈልገውን ዳታቤዝ፣ ማተሚያና ሰዓት ራሱ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ነገር ደግሞ በቴስት ጊዜ በሌላ መተካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። መስኮቱን እናንተ የምትፈጥሩት ከሆነ ግን የሚያስፈልገውን በእጁ ታስይዙታላችሁ። በየፍሬምወርኩ ያለው ልዩነት ከዚህ ነጥብ ይጀምራል።

የእህል መጋዘኑ

አንድ የእህል መጋዘን በምሳሌነት እንውሰድ። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይገባል፤ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ ክብደቱን በሲሪያል ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ ፕሮግራሙ የጆንያውን ክብደት ቀንሶ በኩንታል ሒሳቡን ያሰላል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ይመዘግባል። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን የሚሠራው ኮድ ሲሪያል ፖርቱን በቀጥታ የሚከፍት ከሆነ፣ ያለ ሚዛኑ ኮዱን መፈተሽ አይቻልም። ሚዛኑ ባቲ፣ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትንሽ ለውጥ መኪና ልትሳፈሩ ነው።

ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይህንን የሚፈታው ቀላል በሆነ ደንብ ነው፦ ክላሱ፣ ማለትም አንድ ሥራ የያዘው የኮድ ክፍል፣ የሚያስፈልገውን ነገር ራሱ አይፈጥርም፤ በኮንስትራክተሩ በኩል ከውጭ ይቀበላል። «ሚዛን» የሚል ኢንተርፌስ፣ ማለትም ሚዛን ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ የሚናገር ውል፣ ይበጃል፤ አንዱ ክላስ እውነተኛውን መሣሪያ ያነባል፣ ሌላው ለቴስት የተዘጋጀ የውሸት ሚዛን ይሆናል። የውሸቱ ሚዛን ምትክ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ገና ያልረጋ ክብደት እንዲልክ፣ ከዜሮ በታች እንዲያሳይ፣ ቁጥሩን እስከ ግማሽ ልኮ እንዲቋረጥ ልታዙት ትችላላችሁ። በእውነተኛው ሚዛን ላይ እነዚህ ችግሮች የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጡም ገበሬው ጆንያውን አስቀምጦ ገንዘቡን እየጠበቀ ሳለ ነው።

ሰዓትም እንደ ሚዛኑ ከውጭ የሚሰጥ ነገር መሆን አለበት። በእኛ አገር ይህ ከሌላው ይልቅ ይብሳል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የዘመን መለወጫው መስከረም 1 ነው፤ ጳጉሜን አንዳንድ ዓመት አምስት፣ አንዳንድ ዓመት ስድስት ቀን ናት። በ2015 ዓ.ም. ስድስት ነበረች፤ ቀጥሎ ስድስት የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው። የሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣው ክላስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በቀጥታ የሚጠይቅ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ወይ ዓመታት መጠበቅ ወይ የኮምፒውተሩን ቀን እየቀያየሩ መሞከር ነው። ሰዓቱን ከውጭ ከሰጣችሁት ግን ቴስቱ በቅጽበት ያልቃል። ጃቫ ከስሪት 8 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን «ክሎክ» የሚባል ክላስ አለው፤ የሲ ሻርፕ መድረክ የሆነው የማይክሮሶፍት ዶት ኔት በስሪት 8 «ታይም ፕሮቫይደር»ን አምጥቷል።

ቀን ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በዶት ኔት የካላንደር ክላሶች ውስጥ የለም፤ በሲ ፕላስ ፕላሱ ፍሬምወርክ በኪውትም የለም። ለጃቫ «ስሪ ቴን ኤክስትራ» የሚባለው ላይብረሪ ይዞታል፤ በጃቫስክሪፕት የሚሠራበት ኤሌክትሮን ደግሞ በክሮሚየም ብራውዘር ላይ ስለተመሠረተ የጃቫስክሪፕት የቀን ማሳያው ያውቀዋል። ዶት ኔትን የመረጠ ሰው ቀን መቀየሪያውን ራሱ ይጽፋል ማለት ነው፤ ራሱ የጻፈውን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ቴስት ቢያደርግ ይበጀዋል።

ደብሊው ፒ ኤፍ እና አቫሎኒያ

በሲ ሻርፕ ለሚሠራ ሰው ዋናው ፉክክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ደብሊው ፒ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የማይክሮሶፍት ፍሬምወርክ ነው። አቫሎኒያ አጻጻፉ ይመሳሰለዋል፤ ነገር ግን በሊኑክስና በማክም ይሠራል።

ደብሊው ፒ ኤፍ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈትለት መስኮቱን ራሱ ለመፍጠር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የአፕሊኬሽኑ ፋይል ውስጥ «ስታርትአፕ ዩ አር አይ» የሚል መስመር አለ። መጀመሪያ የሚደረገው ይህንን መስመር ማጥፋት ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚጠራው ሜተድ ውስጥ ሚዛኑን፣ ዳታቤዙንና ሰዓቱን ሰብስባችሁ ዋናውን መስኮት ራሳችሁ ፈጥራችሁ ታሳያላችሁ። ይህ አንድ ቦታ ብቻ መሆን አለበት። በየክላሱ እየገቡ ኮንቴይነሩን (የተመዘገቡ ክላሶችን ፈጥሮ የሚያቀብለውን ላይብረሪ) «እንዲህ ያለ ነገር ስጠኝ» ብሎ መለመን ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን አይደለም፤ ክላሱ ምን እንደሚያስፈልገው ይደብቃል፣ ቴስት ጸሐፊውም ቴስቱ ከመሮጡ በፊት የጎደለውን አያውቅም።

የገጹ መልክ በሚጻፍበት በዛምል ፋይል ውስጥ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ግን አሁንም ባዶ ኮንስትራክተር ይፈልጋል። ስለዚህ መስኮቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ገጽ በዛምል ብታስቀምጡ ያንን የሚፈጥረው ፍሬምወርኩ ነው። ከዚህ የሚያድነው ኤም ቪ ቪ ኤም የሚባለው አሠራር ነው፦ ገጹ ባዶ ይሁን፣ ሥራው ሁሉ «ቪው ሞዴል» በሚባል ተራ ክላስ ውስጥ ይሁን፣ ገጹ ከዚያ ጋር በባይንዲንግ (የገጹን ሣጥን ከክላሱ ፕሮፐርቲ ጋር በሚያገናኝ ማሰሪያ) ይያያዝ። ቪው ሞዴሉን እናንተ ትፈጥሩታላችሁ፤ መስኮት ሳይከፈት ቴስት ይደረጋል። ክብደቱ ካልረጋ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ መሥራት የለበትም የሚለው ሕግ የቪው ሞዴሉ ጉዳይ ነው፤ ለመፈተሽም ስክሪን አያስፈልግም።

እስከዚህ ሁለቱ አይለያዩም። የሚለያዩት ገጹን ራሱን መፈተሽ ስትፈልጉ ነው። ደብሊው ፒ ኤፍ የገጽ ክፍሎቹን የሚፈጥረው ኤስ ቲ ኤ በሚባል ዓይነት ትሬድ ላይ ብቻ ነው፤ ከቴስት ማስኬጃዎቹ ኤን ዩኒት ይህንን በአንድ ምልክት ይፈቅዳል፣ ኤክስ ዩኒት ግን ተጨማሪ ላይብረሪ ይፈልጋል። ቁልፍ ተጭኖ ጽሑፍ ተሞልቶ ውጤቱ እንዲታይ ከተፈለገ ደግሞ እንደ ፍላ ዩ አይ ባለ መሣሪያ እውነተኛ መስኮት ከፍቶ መጫን ነው። ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፣ ሌላ መስኮት በመሃል ከገባም ይሰናከላል።

አቫሎኒያ በዚህ በኩል ብልጫውን ወስዷል። «ሄድለስ» የሚባል፣ ያለ ስክሪን የሚሠራ የቴስት መድረክ ከራሱ ጋር አለው። መስኮቱ በማስታወሻ ውስጥ ይፈጠራል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ጽሑፉ ይሞላል፣ ከተፈለገም የገጹ ምስል ይወሰዳል፤ ማንም ሰው ስክሪን ላይ ምንም አያይም። ከኤን ዩኒትና ከኤክስ ዩኒት ጋር የሚሠሩ ፓኬጆች አሉት። በዚህ ላይ ባይንዲንጉ በግንባታ ጊዜ እንዲመረመር ማድረግ ይቻላል፤ «ክብደት» የሚለውን የፕሮፐርቲ ስም አንድ ፊደል ብትስቱ ፕሮግራሙ አይገነባም። ደብሊው ፒ ኤፍ እንዲህ ያለውን ስሕተት በዝምታ ያልፈዋል፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ምክንያቱ ያለው በምርመራ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ነው።

ታዲያ አቫሎኒያ አሸነፈ? አዲስ ኮምፒውተር ላለው ደንበኛ፣ አዎ። ነገር ግን ወደ ሱቁ ገብታችሁ ኮምፒውተሩን ሳታዩ አትወስኑ። ዊንዶውስ 7 የጫነ ማሽን ዛሬም በብዙ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ዶት ኔት 8 ደግሞ በዚያ ላይ አይደገፍም። በዚያ ማሽን ላይ አስተማማኙ መንገድ በዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ላይ የተሠራ ደብሊው ፒ ኤፍ ነው። የማይክሮሶፍት የዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ፓኬጅና የኮምዩኒቲ ቱልኪት የኤም ቪ ቪ ኤም ፓኬጅ በዚህ አሮጌ መሠረት ላይም ስለሚሠሩ የማሽኑ እርጅና ቴስት ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም።

ከዌብ የመጣ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ

ይህ የፍሬምወርክ ምርጫ ሳይሆን የኮንቴይነር አጠቃቀም ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም በዶት ኔት ዴስክቶፕ ላይ ከማያቸው ችግሮች ሁሉ የሚከፋው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የማይክሮሶፍት ኮንቴይነር ሦስት ዓይነት ዕድሜ ያውቃል፦ ለፕሮግራሙ ሙሉ ዕድሜ አንድ፣ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ፣ እና ለአንድ «ስኮፕ» አንድ። በዌብ ላይ ስኮፕ የሚባለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ሲመለስ ስኮፑ ይዘጋል፣ የዳታቤዝ ግንኙነቱም አብሮ ይሰናበታል። ዴስክቶፕ ላይ ግን ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራሙ ጠዋት 2 ሰዓት ተከፍቶ መጋዘኑ ሲዘጋ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር (በዶት ኔት የዳታቤዝ ላይብረሪ) የሚሠራ ሰው የዳታቤዝ ኮንቴክስቱን፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ክላስ፣ እንደ ዌብ ልማዱ አስመዝግቦ ከዋናው ኮንቴይነር በቀጥታ ከጠየቀ፣ ያ ኮንቴክስት ቀኑን ሙሉ ይኖራል። ያነበበውን መዝገብ ሁሉ እያስታወሰ ይከብዳል፤ በሌላው ኮምፒውተር ላይ የተቀየረውን ዋጋ ሳያይ የጠዋቱን ያሳያል። ገንዘብ ያዡ «ፕሮግራሙ ከሰዓት በኋላ ይዘገያል» ብሎ ሲያማርር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መድኃኒቱ ከኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ስሪት 5 ጀምሮ የመጣው የኮንቴክስት ፋክተሪ ነው። ቪው ሞዴሉ ኮንቴክስቱን ሳይሆን ኮንቴክስት የሚፈጥረውን ፋክተሪ ይቀበላል፤ አንድ ደረሰኝ ለመመዝገብ አንድ ኮንቴክስት ከፍቶ ወዲያው ይዘጋዋል። ሌላው መንገድ ለእያንዳንዱ መስኮት አንድ ስኮፕ ከፍቶ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ መዝጋት ነው።

«በተጠየቀ ቁጥር አዲስ» የሚለውም የራሱ ወጥመድ አለው። መዘጋት የሚያስፈልገውን ነገር ከዋናው ኮንቴይነር በቀጥታ በጠየቃችሁ ቁጥር ኮንቴይነሩ ሊዘጋው ብሎ ይይዘዋል፤ የሚዘጋው ግን ኮንቴይነሩ ራሱ ሲዘጋ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲያበቃ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ መስኮት በዚህ መንገድ የሚከፍት ፕሮግራም የተዘጉትን መስኮቶች ሁሉ ተሸክሞ ይውላል።

ኮንቴይነሩ ሲገነባ ራሱን እንዲመረምር የሚያደርጉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ የጎደለ ምዝገባን፣ ሌላው የተሳሳተ ስኮፕን ይይዛል። በዌብ የልማት ወቅት ራሳቸው ይበራሉ፤ ዴስክቶፕ ላይ ኮንቴይነሩን በእጃችሁ ስትገነቡ ግን እናንተ ናችሁ የምታበሯቸው። ሁለቱን አብርቶ ኮንቴይነሩን የሚገነባ አንድ ቴስት ጻፉ፤ ከሁሉ ርካሹ ቴስት ነው።

ደግሞም ኮንቴይነር ግዴታ አይደለም። ሃያ ያህል ክላስ ላለው የመጋዘን ፕሮግራም ሁሉንም በዋናው ሜተድ ውስጥ በእጅ እየፈጠሩ በኮንስትራክተር ማቀበል በቂ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ካቀበላችሁ ኮምፓይለሩ ራሱ ይነግራችኋል። እንደ እኔ ከሆነ ጀማሪ ሁሉ በዚህ ቢጀምርና ኮንቴይነሩን ዝርዝሩ ሲያታክተው ቢያመጣ እመርጣለሁ።

ጃቫ ኤፍ ኤክስ

ጃቫ ተምሮ ለወጣ ሰው ሲ ሻርፕን ከባዶ መጀመር አስፈላጊ አይደለም። የጃቫ የዴስክቶፕ ፍሬምወርክ የሆነው ጃቫ ኤፍ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃቫ 11 ጋር ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ለብቻው የሚወርድ ሆነ እንጂ አልሞተም።

መስኮቱን ማን ይፈጥረዋል ለሚለው ጥያቄ ጃቫ ኤፍ ኤክስ የሚሰጠው መልስ ከሁሉ ግልጹ ነው። ዋናውን የአፕሊኬሽን ክላስ የሚፈጥረው ፍሬምወርኩ ነው፤ ይህን መለወጥ አይቻልም፣ መለወጥም አያስፈልግም፣ ባዶ አድርጋችሁ ተዉት። ገጾቹ የሚጻፉት በኤፍ ኤክስ ኤም ኤል ነው፤ የእያንዳንዱን ገጽ ኮንትሮለር ሎደሩ በባዶ ኮንስትራክተር ይፈጥራል። ነገር ግን ሎደሩ «ኮንትሮለር ፋክተሪ» የሚባል ማስገቢያ አለው፤ «ይህን ክላስ ስጠኝ» ሲል መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ፋክተሪው ውስጥ ያለው ኮንቴይነር ጁስ (Guice) ይሁን ስፕሪንግ፣ ወይም በእጅ የተጻፈ አጭር የምርጫ ሜተድ፣ ሁሉም ያው ነው። አንድ መስመር ከጻፋችሁ በኋላ ኮንትሮለሮቹ ሁሉ የሚያስፈልጋቸውን በኮንስትራክተር ይቀበላሉ፤ በገጽ ውስጥ ያለ ገጽም ጭምር። ደብሊው ፒ ኤፍ እንዲህ ያለ ማስገቢያ ቢኖረው ከላይ የጻፍኩት ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለው። በገጹ ላይ ያሉት ሣጥኖችና ቁልፎች ኮንትሮለሩ ውስጥ የሚገቡት ኮንስትራክተሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በኮንስትራክተሩ ውስጥ አትንኳቸው፤ ለዚያ «ኢኒሺያላይዝ» የሚባለው ሜተድ አለ።

ኮንትሮለሩን ራሱን መፈተሽ ከባድ ነው፤ የገጹ ክፍሎች ስላሉበት የጃቫ ኤፍ ኤክስ ሞተር መነሣት አለበት። የጃቫ ኤፍ ኤክስ ፕሮፐርቲዎች ግን ያለ ሞተሩ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የክብደቱን፣ የዋጋውንና የቁልፉን ሁኔታ ፕሮፐርቲዎች በተለየ ክላስ ካስቀመጣችሁ ቴስቱ እንደ ማንኛውም የጃቫ ቴስት ይሮጣል። ገጹን መንካት ግድ ሲሆን ቴስት ኤፍ ኤክስ አለ፤ ያለ ስክሪን ለማስኬድ ሞኖክል ከእርሱ ጋር ይያያዛል። እንደ አቫሎኒያው ከአንድ ቤት የመጣ ባለመሆኑ የስሪቶቹን መጣጣም ማየት ያስፈልጋል።

ኪውት፣ ኤሌክትሮንና ታውሪ

ኪውትን የምመክረው ሥራው ከመሣሪያ ጋር ለበዛበት ሰው ነው፤ የሲሪያል ፖርት ሞጁሉ ከራሱ ጋር ይመጣል። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ክላሶችን በሩጫ ጊዜ መርምሮ የሚሞላ ኮንቴይነር የተለመደ ስላልሆነ ሁሉም በእጅ ይቀበላል፤ ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። የሚያስቸግረው ባለቤትነት ነው። ኪውት ውስጥ ወላጅ የተሰጠው ነገር ወላጁ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ያንኑ ነገር ከውጭ ፈጥራችሁ በራሳችሁ ጠቋሚ ከያዛችሁት ሁለት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ከውጭ ለሚቀበሉ ሰርቪሶች ወላጅ አለመስጠት ነው። ለቴስት የራሱ ሞጁል አለው፤ «ኦፍስክሪን» በሚባለው መድረክ ያለ ስክሪን ይሮጣል። በፓይተን የሚሠራ ሰው ፓይቴስት ኪውት የሚባለውን ተጨማሪ ቢይዝ ሥራው የበለጠ ይቀልለታል። ኪውት 6 ግን ዊንዶውስ 7ን ትቷል፤ ለዚያ 5.15 ነው።

ኤሌክትሮን ጃቫስክሪፕት ለሚያውቅ ሁሉ አጓጊ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ዓይነት ፕሮሰስ አለው፦ ፋይልና መሣሪያ የሚነካው ዋናው፣ ገጹን የሚያሳየው ሁለተኛው። ኮንቴይነር ይህንን ድንበር አይሻገርም። በመካከላቸው ያለው የፕሪሎድ ድልድይ ግን ራሱ ጥሩ ኢንተርፌስ ነው፤ «ክብደት አንብብ»፣ «ደረሰኝ አትም» የሚሉ ጥቂት ፈንክሽኖች ብቻ ይለፉበት፣ በቴስት ጊዜ ድልድዩን በውሸት ተኩና ገጹን እንደ ተራ የዌብ ገጽ ፈትሹት። እንደ ኢንቨርሲፋይ ያለ ኮንቴይነር ከመጨመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ፦ የታይፕስክሪፕት ኢንተርፌስ በሩጫ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ምልክት መስጠት ያስፈልጋል። በምልክት ፈንታ የዲኮሬተር መረጃን የተማመነ ደግሞ የመገንቢያ መሣሪያው ኢኤስቢልድ ያንን መረጃ እንደማያወጣ ሲያይ ይደነግጣል። ሙሉውን ፕሮግራም ለመፈተሽ ስፔክትሮን እ.ኤ.አ. በ2022 ስለተቋረጠ አዲስ ሰው ፕሌይራይትን ይያዝ። ኤሌክትሮን ከስሪት 23 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ንና 8ን አይደግፍም፤ አነስተኛ ማስታወሻ ባለው ማሽን ላይም ይከብዳል። ለመጋዘኑ አልመርጠውም።

ገጹ በዌብ፣ ውስጡ በረስት ቋንቋ የሚጻፈው ታውሪ ከኤሌክትሮን ያነሰ ክብደት አለው፤ ሰርቪሶችን በራሱ ስቴት በኩል ለትእዛዞቹ ያቀብላል። ረስትን ለማያውቅ ቡድን ግን የመጋዘን ፕሮግራም ረስት መማሪያ ባይሆን ይሻላል።

በዊንዶውስ ፎርምስ የተሠራ አሮጌ ፕሮግራም ካለ

ብዙው ሰው የሚመርጥ አይደለም፤ የተሠራ ፕሮግራም የተረከበ ነው። የተረከበውም ብዙ ጊዜ በዊንዶውስ ፎርምስ ነው፤ ሒሳቡ ሁሉ በቁልፍ መጫኛው ሜተድ ውስጥ ተጽፏል። ይህንን ወደ ሌላ ፍሬምወርክ ለማዛወር አትቸኩሉ። እንዲያውም ዊንዶውስ ፎርምስ ውስጥ ዋናውን ፎርም የሚፈጥረው የእናንተው ዋና ሜተድ ነው፤ በዚህ በኩል ከደብሊው ፒ ኤፍ የተሻለ ይጀምራል። የሚያስቸግረው ዲዛይነሩ ነው፤ በሌላ ፎርም ላይ የሚቀመጥ የራሳችሁ ኮንትሮል ባዶ ኮንስትራክተር ከሌለው ዲዛይነሩ ሊያስቀምጠው አይችልም። ኮንትሮሎቹን ባዶ ትታችሁ ሰርቪሱን ለፎርሙ ብቻ ስጡት።

ከዚያ ከአንድ ቁልፍ ጀምሩ። ከደረሰኙ ሒሳብ ብትነሡ ይሻላል፤ የጆንያ ቅናሹን፣ የኩንታል ዋጋውንና ማጠጋጋቱን የያዘውን ኮድ ከፎርሙ አውጥታችሁ ወደ ተራ ክላስ አዛውሩት፤ ሚዛኑንና ሰዓቱን በኮንስትራክተር ስጡት። ቀጥሎ ከደንበኛው መዝገብ ውስጥ ጥቂት የቆዩ ደረሰኞችን ወስዳችሁ ክብደታቸውንና ዋጋቸውን በቴስት አስገቡ፤ አዲሱ ክላስ በወረቀቱ ላይ ያለውን ብር እስከ ሳንቲሙ ማውጣት አለበት። ካላወጣ አሮጌው ኮድ እንዴት ያጠጋጋ እንደነበር አጣሩ፤ ሕጉንም ከመለወጣችሁ በፊት ባለመጋዘኑን ጠይቁ።